የቦምብ ጣዩ ግራ በር

ሐርጌሳ ውስጥ ክፍል ስከራይ ያየሁት ጣሪያውንና የበሩን ቁልፍ ብቻ ነበር። ግቢው ውስጥ ግድግዳ ተደግፎ የቆመውን ነገር ልብ አላልኩትም። ረጅም፣ ጠበብ ያለ፣ ሆዱ ጎድጎድ ያለ ላሜራ ነው፤ ቁመቱ ከእኔ ይበልጣል፣ ቀለሙን ፀሐይ በልቶታል። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ፊት ለፊት ስለምታገኘው እሳት ይሆናል። እኔም ብልጥ ነኝ ባይ ነኝና ሸሚዜን እያጠብኩ እሱ ላይ ማስጣት ጀመርኩ። በአንድ አፍታ ይደርቅልኛል።

አከራዬ ይህን እያየች ምን ያህል ጊዜ እንደታገሰችኝ እንጃ። አንድ ቀን ሶላቷን ሰግዳ ወጣችና ቆም ብላ ሸሚዜን አየች፣ እኔን አየች፣ እንደገና ሸሚዜን አየች።

«አንተ ልጅ፣ ይሄ ምን ይመስልሃል?»

«ልብስ ማስጫ።»

«የጀናዛ ማጠቢያ ነው» አለች። «ትናንት የጎረቤታችንን እናት አጥቤበት ነው ያመጣሁት።»

ከዚያ በኋላ ሸሚዙን አልለበስኩትም ብል ደስ ባለኝ። ሌላ ስላልነበረኝ ለበስኩት፤ ቀኑን ሙሉ ግን ጀርባዬን ሲያሳክከኝ ዋለ። ከሥራ ስመለስ በረንዳው ላይ ቁጭ ብላ ጠበቀችኝና «ሸሚዙ ምን አለህ?» ብላ ሳቀችብኝ።

ኤዶ ነበር የምላት። በሶማሊኛ የአባት እህት ማለት ነው፤ ትልቅ ሴት ሁሉ እንዲህ ትጠራለች። ተወልዳ ያደገችው ግን እንደ እኔው ድሬዳዋ ነው፤ ባሏን ተከትላ ነው ሐርጌሳ የገባችው። አማርኛዋ ከእኔ አማርኛ የሚለየው ስትቆጣ ብቻ ነው፤ ያኔ ወደ ሶማሊኛ ታልፋለች። እኛ የድሬ ልጆች አንቱታ አይሆንልንም፤ አንቺ ስላት «አገሬ የገባሁ መሰለኝ» ትላለች። ባሏ በስደት እያሉ ሞቷል። ልጅ እንዳላት ወይም እንደሌላት አልጠየቅኳትም፤ በዚያን ጊዜ ሐርጌሳ ውስጥ ይህን ጥያቄ ማንም ማንንም አይጠይቅም።

ሥራዋ የሞቱ ሴቶችን ማጠብና መከፈን ነው። ከራሷ ሰፈር ከማሕሙድ ሃይቤ ብቻ ሳይሆን ከጋአን ሊባህም እየመጡ ይወስዷታል። ስትጠራ ሁለት ሰዎች ላሜራውን ተሸክመው ይከተሏታል፤ እሷ መዓዛ የሚሰጠውን ካፉሯንና ቀሲል የሚባለውን የቅጠል ዱቄት በዘንቢል ይዛ ከፊት ትቀድማለች። ጎድጎድ ማለቱ ውሃውን ሰብስቦ ወደ እግር በኩል ስለሚያወርደው ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ይመስላል። የሰፈሩ ሴት ሁሉ መጨረሻዋ እዚያ ላሜራ ላይ መሆኑን ስለምታውቅ ከኤዶ ጋር የሚጣላ አልነበረም።

እኔ በአገሬ አየር ኃይል የአውሮፕላን መካኒክ ነበርኩ። መንግሥት ሲለወጥ ተበተንን፤ እኔም ዞሬ ዞሬ ሐርጌሳ ገባሁ። ከተማዋ እንደ አዲስ እየተሠራች ነበር። መብራት የሚገኘው ከየሰፈሩ ጄኔሬተር ስለሆነ ጄኔሬተር ጠጋኝ ሥራ አያጣም። እንጀራ ነው፣ አልሐምዱሊላህ። ግን የጄት ሞተር ፈትቶ የገጠመ ሰው ለጄኔሬተር ቺንጊያ ሲቀይር ሲውል ምን እንደሚሰማው የሚያውቀው እንደ እኔ የወደቀ ብቻ ነው።

በዚህ መሃል አንድ ፈረንጅ መጣ። ሸምገል ያለ፣ አንድ ጆሮው የማይሰማ የቀድሞ አብራሪ ነው። ጡረታ የወጡ የጦር አውሮፕላኖችን አገር ለአገር እየዞረ ይፈልጋል፣ ይጠግናል፣ ያበራል፤ ዓመሉ ይህ ነው። የሚፈልገው አውሮፕላን ደግሞ በሐርጌሳ ኤርፖርት ማኮብኮቢያ ዳር ከጦርነቱ ጀምሮ ተጥሎ የቀረውን ቦምብ ጣይ ነበር። አውሮፕላን የሚያውቅ ሰው ሲያጠያይቅ የኤርፖርቱ ዘበኛ እጁን ይዞ ጋራዣችን አመጣው። ከነዘይቴ ተነስቼ ተከተልኩት።

ቦምብ ጣዩ አሮጌ ዓይነት ነው፤ ሁለት ሞተር አለው፣ አፍንጫው መስታወት ነው። መስታወቱ ውስጥ አንድ ሰው በደረቱ ተኝቶ ቁልቁል እያየ ያነጣጥራል፤ ሆዱ ስር ያሉት ሁለት በሮች ግራና ቀኝ ተከፍተው ቦምቡን ይለቃሉ። ጎማውን ሰው ለጫማ ቆርጦታል፣ ሽቦው ተመዟል፣ ክንፉ ስር ፍየሎች ጥላ ይዘው ያመነዥካሉ። ሐርጌሳን ያፈረሷት አውሮፕላኖች ከሩቅ የመጡ አልነበሩም። የላካቸው የራሷ መንግሥት ነው፤ ከዚያው ከራሷ ማኮብኮቢያ ይነሱና የራሷን ጣሪያ መትተው እዚያው ተመልሰው ያርፉ ነበር። ይሄ ከእነሱ አንዱ ነው ይላል ሰው ሁሉ።

የመጀመሪያው ሳምንት አልወደድኩትም። ነፋስ ሲነሳ ክፍት በሆነው ሆዱ ገብቶ ዝቅ ያለ ድምፅ ያሰማል፤ ተኝቶ የሚቃዥ ሰው ይመስላል። ሽማግሌዎች ደግሞ አንድ በአንድ ይመጣሉ። አይናገሩም። በያዙት በትር ሆዱን መታ መታ ያደርጉና ይሄዳሉ። ፈረንጁ የላሜራውን ጥንካሬ የሚፈትሹ መስሎት ፈገግ ይልላቸዋል። እኔ ግን አንዱ ሽማግሌ መትቶ ሲያበቃ ጆሮውን ላሜራው ላይ ሲያስጠጋ አይቻለሁ፤ ምን እንደሚያዳምጥ ልጠይቀው አልደፈርኩም።

እንዲጠገን መፍቀዳቸው የገረማችሁ እንደሆነ፣ እኔንም ገርሞኝ ነበር። የአገር ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው ተመካክረው ያሉት አጭር ነው። «በራሱ እግር ተነስቶ ይሂድልን።»

ፈረንጁ አዲስ ጎማና አንድ ሞተር በመርከብ በበርበራ በኩል አስመጣ፤ ሁለተኛውን ሞተር እኔ ፈትቼ ገጠምኩት። ሌላውን ከከተማው ለቀምን። ጋአን ሊባህ አንዲት ሻይ ሻጭ ከክንፉ የወጣውን ታንከር ውሃ ሞልታበት አገኘናት፤ በርሜል ተክተንላት ወሰድን። ዳሚ ሰፈር ያሉት ብረት ሠሪዎች የጅራቱን ላሜራ አቅልጠው ድስት አድርገውት ኖሮ ስንጠይቃቸው ሳቁብን። የምሳ ሩዜ የሚመጣበትን ድስት ከዚያን ቀን ወዲህ በሌላ ዓይን ነው ያየሁት። የሠሩትን አቅልጠው ማስመለስ ባይቻልም እኔ በነገርኳቸው ልክ አዲስ ቀጥቅጠው ሰጡን፤ እጃቸው ይባረክ።

ፈረንጁ አንድ ነገር ቃል ገብቶልኛል። ከበረረ ይዞኝ ሊሄድ፣ ባሉት አውሮፕላኖች ሁሉ ላይ መካኒክ ሊያደርገኝ። ቃሉን እየደጋገምኩ ለራሴ እነግረው ነበር። ፀሐይ አናቴ ላይ ወጥታ ጣቴን ላሜራ ሲያቃጥለው እንኳ የሚታየኝ ያ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት ሆዱ ስር በጀርባችን ተኝተን ፈረንጁ የቀኙን በር በካቻቢቴ መታ አደረገና «የዚህ ወንድም የት ገባ?» አለኝ። ያለ በር አየር ሆዱ ውስጥ ስለሚገባ መብረር አይቻልም። ቀና ብዬ አየሁት። ረጅም ነው፣ ጠበብ ይላል፣ ሆዱ ጎድጎድ ያለ ነው። ጀርባዬን አሳከከኝ።

ለፈረንጁ አልነገርኩትም። ቤት ሄጄ ላሜራውን ከግድግዳው ላይ አዘነበልኩትና ጠርዙን ዳሰስኩት። የማጠፊያው ቀዳዳዎች በመስመር ተደርድረዋል። ዕድሜዬን በአውሮፕላን ሆድ ስር የጨረስኩ ሰው ሸሚዝ እያሰጣሁበት ሳላውቀው ከርሜያለሁ።

«ዛሬ ገና አወቅከው?» አለች ኤዶ ከኋላዬ።

«አንቺ ታውቂው ነበር?»

«እኔ ነኝ የነቀልኩት።»

ተቀመጠችና ነገረችኝ። ከስደት ሲመለሱ ከተማው ጣሪያ አልባ ነበር፤ ሰው ሁሉ ለቤቱ የሚሆን ነገር ለመፈለግ ወደ ኤርፖርት ይጎርፋል። ሌላው ጎማ ሲቆርጥ፣ ሽቦ ሲመዝ፣ እሷና አንዲት ጎረቤቷ ሲታገሉ ውለው በሩን ነቅለው በአህያ ጋሪ አመጡት። ጎረቤቷ ለጣሪያ የፈለገችው መስሏት ነበር።

«ይሄ በር ሲከፈት አይቼዋለሁ» አለች። «ከዚህ በኋላ የሚሠራውን እኔ ልወስንለት ብዬ ነው።»

ከዚያ የልጇን ነገር ነገረችኝ። አንዲት ሴት ልጅ ነበረቻት፤ የወተት ጥርሷ ገና መውለቅ የጀመረ። ያን ቀን ልጅቷ መሃል ግቢ ነበረች፤ ያው እኔ ውሃ የምቀዳበት በርሜል አጠገብ። አውሮፕላኑ ዝቅ ብሎ ሲመጣ ኤዶ ወጥ ቤት በር ላይ ሆና «ሩጪ፣ ወደ እኔ ነይ» እያለች ትጮኻለች። ልጅቷ አልሮጠችም። አንገቷን አቅንታ ወደ ላይ ታያለች፣ አንድ እጇን ወደ ላይ አንስታለች።

«ፀሐዩን እየከለለች ይሁን፣ ፈርታ ደርቃ ይሁን፣ እስከ ዛሬ አላወቅኩም» አለች። «እግሯ ፈጣን ነበር። መሮጥ ትችል ነበር። ከዚያ በኋላ የማጥበው ነገር አላገኘሁም።»

አላህ ይርሐማት አልኩ። እሷም አሚን አለችና ላሜራውን በመዳፏ ጠረገችው።

«ይበራል አሉ፤ እውነት ነው?»

«ኢንሻአላህ።»

«ያ መስታወት ውስጥ የሚተኛው ሰው፣ ከዚያ ሆኖ ምን ይታየዋል? ጣሪያ ነው ወይስ ሰው?»

«እኔ የምድር ሰው ነኝ ኤዶ። ጠግኜ እልካለሁ፣ ሲመለስ እቀበላለሁ። ግን ጣሪያ ነው የሚመስለኝ። ሰው የሚለይ አይመስለኝም።»

«ይመስለኛል ምን ያደርግልኛል?» አለች። «ልጅ መሆኗን ካላየ፣ እኔ አፉ ብዬው፣ ይቅር ብዬው እሞታለሁ። ካየ ግን የቂያማ ቀን አላህ ፊት ቆሜ የምለው አለኝ። የትኛውን እንደምል ሳላውቅ መሞት አልፈልግም።»

በሩን ስጪኝ ልላት አስቤ ነበር፤ ሳልላት ክፍሌ ገባሁ።

ሞተሮቹን የምንፈትሽበት ቀን ደረሰ። ድምፁ ከተማውን እንደሚያስደነግጥ ስለገባኝ ፈረንጁን «ለሰው አስቀድሞ ይነገር» አልኩት። የሰፈሩ መስጊድ ኢማም ደግ ወጣት ነው፤ ያደገው ሌላ አገር ነው። በደስታ እሺ አለኝ። ከዝሁር ሶላት በኋላ በድምፅ ማጉያው እንዲህ አለ፦ «ዛሬ ከኤርፖርት በኩል ድምፅ ይሰማል። ጦርነት አይደለም። አትፍሩ፣ ከቤታችሁ አትውጡ።» ሌሎቹም መስጊዶች ከእሱ እየተቀበሉ አስተጋቡት።

ሞተሮቹ ተነሱ። ግራው ትንሽ አስነጠሰ፣ ከዚያ ያዘ። ያ ሽታ፣ ያ ንዝረት ከእግሬ ጫማ እስከ ጥርሴ ሲወጣ ዕድሜዬ የተመለሰልኝ መሰለኝ። ፈረንጁ አንገቴን አቅፎ ሳመኝ።

ወደ ቤት ስመለስ ከተማው ባዶ ነው። ሱቆች እንደተከፈቱ ናቸው፣ ባለቤት የለም። መንገዱ ላይ ነጠላ ጫማ ተበትኗል። አንድ ሻይ ቤት ውስጥ በራዱ ላይ ሻይ እየፈላ ይገነፍላል። ሰው ፍራሹንና ልጁን ይዞ ወደ ደረቁ ወንዝና ከከተማው ወዲያ ወዳሉት ኮረብታዎች ሸሽቷል። በሰፈራችን የቀረች ኤዶ ብቻ ነበረች። በርሜሉ አጠገብ በርጩማዋ ላይ ተቀምጣለች።

«ምን ብላችሁ ነው ያስነገራችሁት?»

«አትፍሩ፣ ከቤታችሁ አትውጡ።»

ራሷን ነቀነቀች። «ያኔም ወታደሮቹ በመኪና እየዞሩ ያሉን እሱን ነው» አለች። «ቃሉ ሳይቀር። ቤቱ የቀረ አለቀ፣ የወጣ ተረፈ።»

እኔ አላወቅኩም፣ ኢማሙም አላወቀም። መሸሽ የለመደ ሰው የሚሸሸው ከድምፁ ይልቅ ከማባበያው መሆኑን ማን ነግሮን? በማግስቱ የአገር ሽማግሌዎቹ ኤርፖርት ድረስ መጥተው አበቃ አሉ። ያ ሞተር ሁለተኛ እንዳይነሳ፤ አውሮፕላኑም ባለበት ይበስብስ። ፈረንጁ በማይሰማው ጆሮው በኩል ያሉትን እንደገና እንድነግረው ጠየቀኝ፤ ነገርኩት፤ መሬት ላይ ተቀመጠ። እኔም የምቀመጥበት አጥቼ እንጂ እንደ እሱ ነበር የሆንኩት። የጄኔሬተር ቺንጊያዎቹ ሁሉ በዓይኔ መጡ።

ኤዶ ሰማች። ሳትጠራ ልብሷን ለብሳ ወጣችና ሰፈር ለሰፈር ስትዞር ዋለች። ያናገረችው ሴቶቹን ነው። ያለቻቸውን ኋላ አንዲት ጎረቤት ነገረችኝ፦ «ሐሙስ ከሰዓት፣ ከአስር ሶላት በኋላ ተነስቶ በላያችን አንዴ ያልፋል፤ በማግስቱ ጥሎን ይሄዳል። አትፍሩ አልላችሁም። እኔ ግቢዬ መሃል ቆሜ እጠብቀዋለሁ። እኔ ከሸሸሁ እናንተም ሽሹ።» ሴቶቹ ባሎቻቸውን አሳመኑ፣ ባሎቹ ሽማግሌዎቹን። ጠዋት ፈቃዱ ተመለሰልን።

ደስታዬን ልነግራት ስሮጥ ገባሁ። ላሜራውን ግቢው መሃል አጋድማ እያጠበችው ነበር። ጀናዛ ከተነሳ በኋላ ሁልጊዜ እንደምታደርገው በቀሲል አሸችው፣ ውሃ አፈሰሰችበት፣ ደረቅ ጨርቅ አሳለፈችበት። ቆሜ አየኋት።

«ውሰደው» አለች። «ስንቱን ሴት አጥቤበታለሁ። ሲሄድ ንጹሕ ሆኖ ይሂድ።»

«አንቺስ በምን ታጥቢያለሽ?»

«ጣውላ ትሠራልኛለህ። ሌላም ነገር ታደርግልኛለህ። መስታወቱ ውስጥ አንተ ትተኛለህ። እኔ ልጄ በቆመችበት እቆማለሁ፣ ቢጫውን ጋርባሳር ተከናንቤ። ስታልፍ ትፈልገኛለህ። ታየሁ፣ አልታየሁም፤ መጥተህ እውነቱን ትነግረኛለህ።»

በእኛ ሙያ የጠገነ ሰው በመጀመሪያው በረራ አብሮ ይሳፈራል፤ ሥራውን በነፍሱ ይዋስ እንደማለት ነው። ስለዚህ መሳፈሬ አይቀርም ነበር። እሺ አልኳት፤ ወላሂ ብዬ ማልኩላት። በሩን ስገጥመው ማጠፊያዎቹ ያለ ችግር ገቡ፤ ተከፍቶ ሲዘጋ ድምፅ እንኳ አላሰማም። ለፈረንጁ ነገሩን ሁሉ የነገርኩት ያኔ ነው። በሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳሰሰና «ምን ያህል ዝቅ ልበል?» አለኝ።

«እነሱ ዝቅ ያሉትን ያህል።»

ሐሙስ አስርን ሰግጄ በደረቴ መስታወቱ ውስጥ ተኛሁ። ፈሪ ነኝ፣ ምን እደብቃለሁ፤ ያንን ቦታ ስንት ጊዜ በጨርቅ ወልውዬዋለሁ፣ ሞተር ተነስቶ ግን ተኝቼበት አላውቅም። ከሥርህ ወለል የለም። መሬቱ ከአገጭህ ስር ይሮጣል፣ ከዚያ ይወርዳል። ከቁርኣን አየተል ኩርሲን መቅራት ጀምሬ መሃል ላይ ጠፋኝ፤ እንደገና ጀመርኩ። ከኮረብታዎቹ ዞረን ፊታችንን ወደ ከተማው ስናደርግ ፈረንጁ በማዳመጫው «አሁን» አለኝና አፍንጫችን አዘቀዘቀ።

ጣሪያ ነው የሚታየው ብዬ ነበር። ጣሪያማ ታየ፤ አዲስ ቆርቆሮ፣ ሰማያዊ ፕላስቲክ፣ ጣሪያ ያልወጣለት ግድግዳ። ግን ከጣሪያው በፊት ሰው ታየኝ። በየግቢው ሴቶች ቆመዋል። አንዷ ሕፃን አቅፋለች፤ ጡት እያጠባች መሆኑን አየሁ። አንድ ሽማግሌ በትሩን ተመርኩዞ ቆሟል። ገመድ ላይ የተሰጣው ቀሚስ አበባው ይለያል። ምነው ባልታየኝ እያልኩ ሁሉም ይታየኛል። ከዚያ የእኛ ግቢ መጣ። በርሜሉን አየሁ፣ በርጩማውን አየሁ፣ ቢጫውን ጋርባሳር አየሁ። ፊቷን ወደ ላይ አቅንታለች። ዓይኗ ክፍት መሆኑን አየሁ። እላይዋ ላይ ልንደርስ ስንል ቀኝ እጇን ብድግ አደረገች። ያለሁት እዚህ ነው፣ እየኝ ማለቷ መሰለኝ። ከዚያ ከስሬ አለፈች።

ልጅቷም እንዲሁ ነው የታየችው። የተኛሁበት ቦታ ላይ ያኔ የተኛው ሰው ጥርሷ የወለቀበትን ሳይቀር አይቶ ሊሆን ይችላል። ስናርፍ ፈረንጁ ስቦ አወጣኝ።

ከኤርፖርት እስከ ቤት በእግሬ ሄድኩ። መኪና ላይ ብወጣ ቶሎ እደርሳለሁ ብዬ ፈርቼ ነው። በመንገድ ሰዎች «ማሻአላህ» እያሉ ጨበጡኝ፤ ከተማው አልሸሸም፣ እንደ ሠርግ ቀን በር በሩ ላይ ወጥቷል። እኔ የማስበው አንድ ነገር ነው። እውነቱን ብነግራት ያቺን ሴት እስከ ቂያማ ድረስ ከዚያ ሰውዬ ጋር ማሰር ነው። ብዋሽ አፉ ትለዋለች፣ ታርፋለች። መሐላዬን አላህ ይቅር ይበለኝ አልኩና ልዋሽ ወሰንኩ።

በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ ነበር። ጋርባሳሩን አውልቃ ጉልበቷ ላይ አጣጥፋዋለች።

«ታየሁህ?»

«አልታየሽኝም ኤዶ» አልኩ። «ጣሪያና አቧራ ነው። ፈልጌሽ ነበር፣ ሰው አይለይም።»

አየችኝ። አልተቆጣችም፤ ተቆጥታ ቢሆን ኖሮ በሶማሊኛ ነበር የምትጀምረው።

«ቀኝ እጅህን መስታወቱ ላይ ለጥፈህ ነበር» አለች። «ጆሮህ ላይ ጥቁር ነገር አድርገሃል። አፍህ ተከፍቷል።»

መሬት መሬት አየሁ። ከላይ የሚታየውን ሳሰላ፣ ከታች ሆኖ ለሚያይ ምን እንደሚታየው አንድ ቀንም አስቤው አላውቅም ነበር። ለምን እንደሆነ እንጃ፣ በሹክሹክታ ጠየቅኳት።

«እጅሽን ያነሳሽው እንዳይሽ ነው?»

«እኔ አላነሳሁትም» አለች። «ላነሳም አላሰብኩም። ብረት ነው የሚመጣው ብዬ ስጠብቅ መስታወቱ ውስጥ ሰው አየሁ። ፊት አየሁ። ሰው እያየህ ሲያልፍ እጅህ ምን ያደርጋል? በራሱ ተነሳ።»

ጋርባሳሩን ጉልበቷ ላይ አንዴ፣ ሁለቴ ዳሰሰችው። ድምፅዋ ሲሰበር የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

«ልጄ አልደረቀችም» አለች። «ፀሐይም አልነበረም። ሰላም እያለችው ነበር።»

አለቀስኩ። እሷ አላለቀሰችም፤ ተነስታ ከበርሜሉ ውሃ ቀድታ ፊቴን እንድታጠብ ሰጠችኝ።

በማግስቱ ፈረንጁ ሻንጣዬን ይዤ እንድመጣ ሰው ላከብኝ። ወገቤን አሞኛል ብዬ መለስኩት፤ ያኔ ያሰብኩት ሌላ ሰበብ አልነበረም፣ እስከ አሁንም ከዚያ የተሻለ አላገኘሁለትም። የኤዶን ጣውላ እየላግኩ ሳለሁ ድምፁ ከኤርፖርት በኩል ተነሳ፣ እየጎላ መጣ፣ በላያችን ወደ በርበራ አቅጣጫ አለፈ። ኤዶ ልብስ እያሰጣች ነበር፤ ቀና አላለችም። እኔም መላጊያውን አስቀምጬ ድምፁ እስኪጠፋ ድረስ ሁለት እጄን ኪሴ ውስጥ ከትቼ ቆምኩ።